ቀድሞ የመጣ ስርጭት፦ የኢንተርኔት ልቀትና የአማርኛ ፊልሞች የትኬት ሽያጭ በአዲስ አበባ

መግቢያ

አንድ የአማርኛ ፊልም በአዲስ አበባ ከተመረቀ በኋላ ከሲኒማ ቤት ውጭ የሚታይበትን ቀን መወሰን ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ የሚያከራክር ጉዳይ አልነበረም። ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች በተከታታይ ይታያል፤ ተመልካቹ ሲሳሳ በቪሲዲ ታትሞ ለገበያ ይቀርባል፤ በመጨረሻም በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ዛሬ ይህ ቅደም ተከተል ተናግቷል። ፊልሞች በዩቲዩብ ቻናሎችና ኢትዮጵያዊ ፊልሞችን በክፍያ በሚያሰራጩ እንደ ሐበሻ ቪው እና ሶደሬ ባሉ መድረኮች ይቀርባሉ። የፕሮዲዩሰሮችና የሲኒማ ቤቶች ጥያቄም በዚህ ምክንያት አንድ ሆኗል፦ ፊልሙ በኢንተርኔት ቀድሞ ሲለቀቅ የሲኒማ ትኬት ሽያጭ ምን ያህል ይቀንሳል?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በቀናት ብዛት ብቻ ሊመለስ እንደማይችል ያብራራል። የጉዳቱን መጠን ይበልጥ የሚወስነው ፊልሙ ከተመረቀ ያለፉት ቀናት ቁጥር ሳይሆን፣ በኢንተርኔት በተለቀቀበት ዕለት ከጠቅላላ የሲኒማ ሽያጩ ገና ያልተሸጠው ድርሻ ነው። ከዚህም በመነሣት በሌሎች አገሮች የተለመዱ የጊዜ ገደቦችን እንዳሉ ወስዶ በአዲስ አበባ ሥራ ላይ ማዋል ለምን እንደሚያሳስት፣ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚያርፍና ጉዳዩን ለማጥናት ምን ዓይነት መረጃ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

የነበረው ቅደም ተከተል

የአዲስ አበባ ሲኒማ ከምኒልክ ዘመን የሚጀምር ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የማሳያ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ማግኘቱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ታየ። ይሁንና በብዛት የሚመረት፣ ወጪውን ከትኬት ሽያጭ የሚመልስ የአማርኛ ፊልም የተስፋፋው የቪዲዮና የዲጂታል ካሜራ ዋጋ ከቀነሰ በኋላ፣ ማለትም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ነው።

በዚህ ዕድገት የኢትዮጵያ መንገድ ከናይጄሪያ የተለየ ነበር። የናይጄሪያ የቪዲዮ ፊልም ኢንዱስትሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱን በቀጥታ በካሴትና በዲስክ ለቤት ተመልካች ይሸጥ ነበር። የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች ግን በቪዲዮ የቀረጹትን ሥራ አስቀድመው ወደ ሲኒማ ቤት ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2018 በማይክል ቶማስ፣ በአሌሳንድሮ ጄድሎቭስኪ እና በአቦነህ አሻግሬ አርታዒነት የታተመው የኢትዮጵያን ሲኒማ ታሪክና ፖለቲካ የሚመለከት መድበልም ለዚህ ልዩነት ትኩረት ይሰጣል። አምባሳደርን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያንና ሲኒማ አምፒርን የመሳሰሉት ነባር አዳራሾች፣ ኋላም የግል ባለሀብቶች የከፈቷቸው ሴባስቶፖል፣ ዓለም ሲኒማና በኤድና ሞል የሚገኘው ማቲ የፊልሙ የመጀመሪያ ገበያ ሆኑ።

ሲኒማ ቤት የመጀመሪያው ገበያ መሆኑ ሁለት ውጤት አስከትሏል። አንደኛ፣ ፕሮዲዩሰሩ ወጪውን የሚመልሰው በዋናነት ከአዳራሹ ጋር በሚካፈለው የትኬት ገቢ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሕገወጥ ቅጂ ይህን ገቢ በቀጥታ የሚነካ አደጋ ሆነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የወጡት ሙዚቀኞችና ፊልም ሠሪዎች በዚህ አደጋ ላይ አቤቱታቸውን ሲያሰሙ በቆዩበት ዘመን ነው።

ሥርዓቱን ያናጉት ለውጦች ተከታትለው መጡ። በ2008 ዓ.ም. ስርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን በየቤቱ አስገባ። የቪሲዲ ገበያ እየከሰመ ሲሄድ ቦታውን ዩቲዩብ ያዘ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገር መግባቱን ተከትሎ ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ፤ ተመልካቹም ፊልምን በስልክና በቴሌቪዥን ማየትን ይበልጥ ለመደ። በ2013 ዓ.ም. አቦል ቴሌቪዥን በዲኤስቲቪ በኩል ለአማርኛ ሥራዎች ሌላ ገዢ ሆኖ ቀረበ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎት በመጀመሩ በሞባይል ኢንተርኔት ገበያው ውድድር ተፈጠረ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በአሜሪካ አንድ ፊልም በሲኒማ ብቻ የሚታይበት ጊዜ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በአማካይ ሦስት ወር ገደማ ነበር። ወረርሽኙ ይህን ልማድ ሰበረ። በሐምሌ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሳል ስቱዲዮና ኤኤምሲ የተባለው የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ አንድ ፊልም ከ17 ቀናት በኋላ በኪራይ በየቤቱ እንዲታይ ተስማሙ። በስምምነቱ ሲኒማ ቤቱ ከቤት ኪራዩ ገቢም ድርሻ እንዲያገኝ ተደርጓል። በታኅሣሥ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ዋርነር ብራዘርስ የቀጣዩን ዓመት ፊልሞች በሙሉ በሲኒማና በኤችቢኦ ማክስ በአንድ ቀን እንደሚለቅ አስታወቀ። ፈረንሳይ በተቃራኒው የመልቀቂያውን ቅደም ተከተል በዘርፉ ስምምነት አጥብቃ ይዛለች፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት መሠረት ኔትፍሊክስ አንድን የሲኒማ ፊልም ለማሳየት 15 ወር መጠበቅ ነበረበት።

በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በሲኒማና በዲስኒ ፕላስ በአንድ ቀን የተለቀቀው «ብላክ ዊዶው» ብዙ ጊዜ በማስረጃነት ይጠቀሳል። ፊልሙ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያስገባም በሁለተኛው ሳምንት ገቢው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አሽቆለቆለ። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት የወረርሽኙ ሥጋት እንደገና አይሎ ስለነበር የማሽቆልቆሉን ምክንያት ለኢንተርኔት ስርጭቱ ብቻ መስጠት አይቻልም።

ጥናቶች ነገሩን ከዚህ በተሻለ ይለያሉ። ቶርስተን ሄኒግ-ቱራውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 በጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን፣ የጃፓንንና የጀርመንን ተመልካቾች ምርጫ መርምረዋል። በአሜሪካ ፊልሙ በሲኒማና በቤት ኪራይ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ የስቱዲዮው ገቢ ከፍተኛ እንደሚሆን፣ በሲኒማ ቤቶች ላይ ግን ብርቱ ጉዳት እንደሚደርስ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የላይዬ ማ እና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ፊልም በሲኒማ ከመታየቱ በፊት ሕገወጥ ቅጂው ሲወጣ፣ ከታየ በኋላ ከሚወጣ ቅጂ ጋር ሲነጻጸር፣ የሲኒማ ገቢን በ19 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አስልቷል። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚያስተምሩት ሁለት ነገር አለ። የስቱዲዮና የሲኒማ ቤት ጥቅም አንድ አይደለም፤ ጉዳቱም ምትኩ በወጣበት ሰዓት ይወሰናል።

የሽያጭ ዕድሜ እንጂ የቀን ቁጥር አይደለም

የአሜሪካ ፊልም በአንድ ቀን በሺዎች በሚቆጠሩ አዳራሾች ይከፈታል። ከፍተኛ የማስታወቂያ ወጪም ስለሚወጣበት ገበያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛውን ይጨርሳል። የአማርኛ ፊልም ሁኔታ የተለየ ነው። አዳራሾቹ ጥቂት ናቸው፤ ማስታወቂያው በፖስተር፣ በሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ የተወሰነ ነው፤ ተመልካች የሚሰበስበው በዋናነት «ጥሩ ነው፣ እዩት» የሚለው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ወሬ ነው። በዚህም ምክንያት የተወደደ ፊልም ለወራት ሲታይ መቆየቱ የተለመደ ነው። ሽያጩ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ቀስ ብሎም ይወርዳል።

ይህ ልዩነት የሚያስከትለውን ውጤት ለማየት ምሳሌያዊ ስሌት ይጠቅማል። ቁጥሮቹ ለማብራሪያ የተወሰዱ እንጂ ከገበያ የተለኩ አይደሉም። በሲኒማ ብቻ ቢታዩ እያንዳንዳቸው 10,000 ትኬት የሚሸጡ ሁለት ፊልሞች ይታሰቡ። ፊልም «ሀ» በፍጥነት የሚሸጥ ሲሆን በ45ኛው ቀን 9,500 ትኬት ሸጧል። ፊልም «ለ» ቀስ ብሎ የሚሸጥ ሲሆን በዚያው ቀን 5,000 ሸጧል። ሁለቱም በ45ኛው ቀን በኢንተርኔት ተለቀቁ፤ ሲኒማ ሊገቡ ካሰቡት ቀሪ ተመልካቾች ግማሹ በቤቱ ማየትን መረጠ። ፊልም «ሀ» የሚያጣው 250 ትኬት ነው፤ ይህም 2.5 በመቶ ነው። ፊልም «ለ» 2,500 ያጣል፤ 25 በመቶ ማለት ነው። የተመልካቹ ጠባይ አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው፤ ጉዳቱ ግን አሥር እጥፍ ይለያያል።

ስለዚህ «45 ቀን በቂ ነው» ወይም «ሦስት ወር ያስፈልጋል» የሚለው ክርክር የፊልሙን የሽያጭ ዕድሜ ካላገናዘበ መሠረት የለውም። ለፊልም «ሀ» ከበቂ በላይ የሆነው ጊዜ ለፊልም «ለ» ገና የዕድሜው እኩሌታ ነው። ከውጭ የሚወሰድ ቁጥር የሚያሳስተውም የአማርኛ ፊልሞች በአብዛኛው ወደ «ለ» የሚቀርቡ ስለሆኑ ነው።

ማን ያጣል፣ ማን ያገኛል

ስሌቱን አንድ እርምጃ ማስኬድ ይቻላል። የትኬቱ ዋጋ 200 ብር ነው፤ ፕሮዲዩሰሩና ሲኒማ ቤቱም እኩል ይካፈላሉ እንበል። ፊልም «ለ» ያጣው 2,500 ትኬት 500,000 ብር ነው፤ ከዚህ 250,000 ብሩ የፕሮዲዩሰሩ፣ 250,000 ብሩ የሲኒማ ቤቱ ነው። ለኢንተርኔት መብቱ የውጭ ገዢ 4,000 ዶላር ከፈለ እንበል።

የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ጉልህ ሚና የሚጫወተው እዚህ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በመደበኛው ተመን 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከውሳኔው በኋላ ባሉት ቀናት ከ100 ብር አለፈ። በ57 ብር ስሌት 4,000 ዶላር 228,000 ብር ስለሚሆን ፕሮዲዩሰሩ ከትኬት ካጣው 250,000 ብር ያንሳል፤ ቀድሞ መልቀቅ አያዋጣውም። በ100 ብር ስሌት ግን 400,000 ብር ይሆናል፤ የ150,000 ብር ትርፍ ያገኛል። የትኬት ዋጋ በዚያው መጠን እስካልጨመረ ድረስ በፊልሙም ሆነ በተመልካቹ አንዳች ነገር ሳይለወጥ ውሳኔው ተገለበጠ። በዳያስፖራ ገበያ የሚሸጥ መብት ዋጋው በዶላር፣ የአዳራሽ ትኬት ዋጋው በብር መሆኑ ቀድሞ የመልቀቅን ፍላጎት እንደሚያበረታ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሲኒማ ቤቱ 250,000 ብር ጉዳት ግን በየትኛውም ተመን አይለወጥም። ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ ብናይ በ100 ብር ስሌትም የተገኘው 400,000፣ የጠፋው 500,000 ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሲያተርፍ ዘርፉ በጠቅላላው ከስሯል። ጉዳቱ እየተደጋገመ ሲሄድ አዳራሹ የአማርኛ ፊልም የሚያሳይበትን ሰዓት ይቀንሳል፤ ወይም ቦታውን ለሌላ ንግድ ያውላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ገና ስም የሌለው፣ የውጭ ገዢ አስቀድሞ የማይከፍለው፣ ሥራውን ለማስመስከር አዳራሽ የሚሻው ጀማሪ ፊልም ሠሪ ነው።

መዘግየት ምን ያስገኛል? ፊልም «ለ» በኢንተርኔት የተለቀቀው 8,000 ትኬት ከሸጠ በኋላ ቢሆን ቀሪው 2,000 ነው፤ ግማሹ ቢጠፋ ጉዳቱ 200,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ወገን 100,000 ብር ይሆናል። ፊልሙ በመቆየቱ ገዢው ዋጋውን ወደ 3,000 ዶላር ቢያወርድ እንኳ ፕሮዲዩሰሩ 300,000 ብር ተቀብሎ 200,000 ብር ያተርፋል፤ ቀድሞ ቢለቅ ኖሮ የሚያገኘው 150,000 ነበር። በዚህ ምሳሌ ገዢው የሚሰጠው ዋጋ ከ2,500 ዶላር በታች እስካልወረደ ድረስ መጠበቅ ለፕሮዲዩሰሩ ራሱ ይሻላል። ከትርፉ ለሲኒማ ቤቱ ማካካሻ የሚሆን ድርሻ ማውጣትም ይቻላል። የዩኒቨርሳልና የኤኤምሲ ስምምነት መሠረተ ሐሳብ ይኸው ነው።

የተመልካች ክፍፍል፦ ከልደታ እስከ ዋሽንግተን

እስካሁን «ግማሹ ይቀራል» የሚለው ቁጥር እንደ ቋሚ ተወስዷል። በእውነታው ግን ይህ ድርሻ በሁለት ነገሮች ይለዋወጣል።

የመጀመሪያው የተመልካቹ ቦታ ነው። በዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአምባሳደርን ትኬት ሊገዛ አይችልም፤ ስለዚህ ፊልሙን በክፍያ መድረክ ማየቱ በራሱ ከአዲስ አበባ ሽያጭ ምንም አይቀንስም። ጉዳቱ የሚመጣው ለውጭ የተለቀቀው ፊልም ተቀድቶ በቴሌግራም ቻናሎችና በፍላሽ ወደ አገር ሲመለስ ነው። ስርጭቱ ለውጭ አገር ብቻ ተወስኖ ከቀሪዎቹ 5,000 የፊልም «ለ» ተመልካቾች የሚጠፋው አንድ አሥረኛው ብቻ ቢሆን፣ ጉዳቱ 500 ትኬት ወይም 100,000 ብር ይሆናል። ያን ጊዜ በ45ኛው ቀን መልቀቅም ዘርፉን በጠቅላላው አይጎዳም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «መቼ ተለቀቀ» ከሚለው ይልቅ «ምን ያህል ተመልሶ ገባ» የሚለው ይሆናል። የሕግ ጥበቃው ክብደትም ከዚህ ይመነጫል። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የቅጂ መብት ክስ የሚያቀርብ ባለመብት የደረሰበትን ጉዳት በቁጥር ማስረዳት ሲኖርበት፣ ቅጂው በወጣበት ዕለት ቀሪ የነበረው የሽያጭ ድርሻ ዋነኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሲኒማ የመግባት ሙሉ ወጪ ነው። በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወይም ወደ አምባሳደር ለመሄድ ከልደታ ጣቢያ ቀላል ባቡር ተሳፍሮ፣ በተግባረ ዕድና በሜክሲኮ በኩል ለገሃር ሊወርድ ይችላል። ወጪው ግን አራት ትኬት፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣና የግማሽ ቀን ጊዜ ነው። በቤቱ ኢንተርኔት ካለ አንድ ጊዜ የተከፈለው ሂሳብ ለአራቱም ይበቃል። በአንጻሩ ለሁለት ወጣቶች አዳራሹ ፊልም ማያ ብቻ አይደለም፤ በጠባብ ቤት የማይገኝ የመገናኛ ቦታና የመዝናኛ ምክንያት ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ልቀት የቤተሰብን ገበያ ከጥንዶችና ከጓደኛሞች ገበያ ይልቅ ይበልጥ ይነካል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ በመረጃ ሊፈተን የሚችል መላምት ነው፦ ግምቱ ትክክል ከሆነ ከልቀቱ በኋላ በአንድ ጊዜ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚገዙ ትኬቶች ከሁለት ትኬት ግዢ ይልቅ በፍጥነት መቀነስ አለባቸው።

የመለካት ችግር

ከላይ የተገለጸውን ለመፈተን በኢንተርኔት ቀድመው የተለቀቁ ፊልሞችን ካልተለቀቁት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ቀላል መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ያሳስታል። ፕሮዲዩሰሩ የሚለቅበትን ቀን በዕጣ አይመርጥም። አዳራሹ ባዶ መሆን የጀመረበት ፊልም ቶሎ ወደ ዩቲዩብ ይሄዳል፤ ሰልፍ ያለበት ፊልም ይቆያል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዝቅተኛው ሽያጭ የልቀቱ ምክንያት እንጂ ውጤቱ ላይሆን ይችላል። በዚህ ንጽጽር የሚገኝ ቁጥር ጉዳቱን አጋኖ ያሳያል።

የተሻለው መንገድ የአንድን ፊልም ሳምንታዊ ሽያጭ ከልቀቱ በፊትና በኋላ መመዝገብ፣ ከዚያም ተመሳሳይ የሽያጭ አቅጣጫ ከነበራቸውና በዚያው ወቅት በኢንተርኔት ካልተለቀቁ ፊልሞች ጋር ማነጻጸር ነው። ወቅቱን መቆጣጠርም ግድ ይላል፤ የገና፣ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ በዓላት፣ ዐቢይ ጾምና ክረምት የተመልካቹን ቁጥር ስለሚለዋውጡ በፋሲካ ማግስት የተለቀቀ ፊልም ከሰኔ ፊልም ጋር አይነጻጸርም። ሕገወጥ ቅጂው መጀመሪያ የታየበት ዕለትም ከሕጋዊው ልቀት ተለይቶ መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ የአንዱ ጉዳት ለሌላው ይቆጠራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ አዲስ ቴክኖሎጂ አይሻም። ሲኒማ ቤቶች ለሂሳብና ለግብር ሲሉ የትኬት ጉርድ ይይዛሉ። ጉርዱ ፊልሙን፣ ቀኑንና የማሳያ ሰዓቱን ካሳየ የሽያጭ ዕድሜውን ለመሳል ይበቃል። በ2010 ዓ.ም. በጸደቀው የፊልም ፖሊሲ መንፈስ ዘርፉን እናሳድግ ከተባለ ይህን መዝገብ በአንድ ዓይነት ቅጽ አሰባስቦ ለአጥኚዎች ክፍት ማድረግ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ሰፊ የሆነ እርምጃ ነው።

ማጠቃለያ

ቀድሞ የመጣ የኢንተርኔት ስርጭት በትኬት ሽያጭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በልቀቱ ዕለት ገና ባልተሸጠው ድርሻ፣ በአገር ውስጥ ለተመልካቹ ምትክ ሆኖ በሚቀርበው ቅጂ ስፋት፣ እንዲሁም ሲኒማ መግባት ከቤት ማየት ጋር ሲነጻጸር በሚጠይቀው ወጪ። የአማርኛ ፊልሞች ቀስ ብለው የሚሸጡ መሆናቸው የመጀመሪያውን፣ የቅጂ መብት ጥበቃ ደካማነት ሁለተኛውን፣ የቤት ኢንተርኔት መስፋፋት ሦስተኛውን ያከብዳሉ። የምንዛሪ ለውጡ ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ ጉዳቱን እያወቀ እንኳ ቀድሞ እንዲለቅ ይገፋፋዋል።

በፕሮዲዩሰሮችና በሲኒማ ቤቶች መካከል የሚደረግ ውል ቁርጥ ያለ የቀን ብዛት ከሚጽፍ ይልቅ በሽያጭ ላይ የተመሠረተ መለኪያ ቢያስቀምጥ የተሻለ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ፊልም ሳምንታዊ ሽያጭ ከከፍተኛው ሳምንት ሽያጩ አንድ አራተኛ በታች ሲወርድ የኢንተርኔት ልቀቱ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በፊት ከተለቀቀ ግን ሲኒማ ቤቱ ከኢንተርኔት ገቢው ድርሻ ያገኛል የሚል አንቀጽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውል በፍጥነት የሚሸጠውን ፊልም ያለ ምክንያት አያስጠብቀውም፤ ቀስ ብሎ የሚሸጠውንም በዕድሜው እኩሌታ አያስቀረውም።